ጧሪ በደመወዝ

እናቴ ከደሴ በስልክ የምትጠይቀኝ ነገር ከአሥር ዓመት ወዲህ አልተለወጠም። ጤናዬን፣ ልጄን፣ ብርዱን ጠይቃ ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ ታደርግና «እኒያ ሽማግሎችህስ?» ትላለች። ደህና ናቸው እላታለሁ። «ልጅ የላቸውም እንዴ?» አላቸው፣ እማዬ። «ታዲያ?»

ለዚህች «ታዲያ» አጭር መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁላትም። ረጅሙ ግን አለኝ።

የምሠራው ፍራንክፈርት አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የጠዋት ፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይገባል፤ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ሰው አስነሥቼ፣ አጥቤ፣ አልብሼ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ቁርስ ላይ ማድረስ አለብኝ። ደሴ ሳለሁ ወንበር ላይ የምውል ሰው ነበርኩ። አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ 60 ዓመት የሚሞላቸውን መምህራን የጡረታ ፋይል አዘጋጅ ነበር፤ የልደት ዘመን፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። «ጡረታ» የሚለውን ቃል በቀን ሃምሳ ጊዜ ስጽፍ «ጦረ» ከሚለው መምጣቱን ልብ ብዬ አላውቅም። ልብ ያልኩት እዚህ መጥቼ፣ የማላውቃቸውን የ94 ዓመት ጀርመናዊት እግር ለብ ባለ ውሃ እያጠብኩ ሳለ ነው። ለካ ጧሪ ሆኛለሁ። ደመወዝ የሚበላ፣ የሕመም ፈቃድ ያለው ጧሪ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላቅና። እኛ ዘንድ «ፈረንጅ ወላጁ ሲያረጅ አውጥቶ ይጥላል» የሚባለው ውሸት ነው። ጀርመን ውስጥ በ2023 መጨረሻ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያለ ሰው እርዳታ ውሎ ማደር የማይችለው ሰው ወደ 5.7 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከ100 ውስጥ 86ቱ የሚኖሩት ግን ቤታቸው ነው። አብዛኞቹን የምታነሣ የምትጥለው ሚስት ናት፣ ሴት ልጅ ናት፣ ምራት ናት። እኔ ጋ የሚመጡት ቤት ያልቻላቸው ናቸው። ሌሊት ተነሥተው ምድጃ የሚለኩሱ፣ የገዛ ልጃቸውን «አንቺ የማን ነሽ?» የሚሉ። ልጆቹም ልጅ አይደሉም፤ ባለፈው ወር እናቷን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ሴት ራሷ በምርኩዝ ነበር የገባችው። ሰው 94 ዓመት ሲኖር ጧሪውም ጧሪ የሚያሻው ይሆናል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እሱስ እውነት ነው» አለች።

ጀርመን ውስጥ ጡረታን ለሠራተኛ በሕግ የጀመሩት መራሔ መንግሥት ኦቶ ፎን ቢስማርክ ናቸው። በ1889 ሕጉ ሲወጣ የጡረታ ዕድሜው 70 ነበር። ያኔ እስከ 70 የሚቆይ የፋብሪካ ሠራተኛ ብዙ አልነበረም፤ የፋይል ሠራተኛ ስለነበርኩ ሳነበው ሳቄ መጣ። በ1916 ወደ 65 ወረደ። የዛሬውን መልክ የያዘው በ1957፣ በመራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር ዘመን ነው። ያን አሠራር ለእናቴ ያስረዳኋት በዕቁብ ነው። ዛሬ የሚሠራው ይጥላል፣ ዛሬ ያረጀው ያነሣል። በስምህ የሚቀመጥልህ ገንዘብ የለም፤ የጣልከው በዚያው ወር ለሌላ ሰው ይወጣል። ያንተን ተራ የሚከፍልልህ ገና ያልተወለደው ነው።

«ያልተወለደው ሳይወለድ ቢቀርስ?» አለችኝ። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ግን ሃያ ዓመት የሰፈር ዕቁብ ሰብስባለች።

ሳይወለድ ቀረ። በ1964 በሁለቱ ጀርመኖች 1,357,000 ያህል ሕፃናት ተወለዱ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ዓመት አልታየም። በ2024 የተወለዱት 677,000 ያህል ናቸው፣ ግማሹ ማለት ነው። ከ1972 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቀር ከሚወለደው የሚሞተው ይበልጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ጡረተኛ ስድስት ያህል ሠራተኞች ያዋጡ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ያህል ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ አልቀነሰም፣ ዛሬም 83 ሚሊዮን ይበልጣል። ጎዶሎውን የሞላው ከውጭ የገባ ሰው ነው።

እኒያ የ1964 ልጆች አሁን ስድሳውን ተሻግረዋል። አንዱ የእኛ መጦሪያ ወጥ ቤት ኃላፊ ነው። በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት የጡረታ ዕድሜ ከ65 ቀስ እያለ ወደ 67 እየወጣ ነው፤ ሙሉውን 67 ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸከሙት የ1964 ተወላጆች ናቸው፣ በ2031። ሰውዬው ሲበሳጭ ድስቱን ያንኳኳል። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ለሦስት ተቀመጥን፣ ሥራ ስንፈልግ ተጋፋን፣ አሁን ደግሞ ጡረታ ላይም ሰልፍ ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን እሱ በ65 ቢወጣ መዋጮው የሚጨምረው የእኔ ነው። አሁን ከደመወዝ 18.6 በመቶ ይቆረጣል፣ ግማሹን አሠሪው ግማሹን ሠራተኛው ይከፍላሉ። የኢትዮጵያውን አስታውሱ፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ በድምሩ 18። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የድሮ ቢሮዬ ትዝ አለኝ። ሀብታሙም ድሃውም ሀገር የሚቆርጠው አንድ ያህል ነው። ልዩነቱ የጀርመን መንግሥት ከታክስ በየዓመቱ ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የሚጨምርበት መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ አይበቃም።

ከጡረታው ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የጡረታ ብር ዳቦ ይገዛል፣ እግር ግን አያጥብም። ይህን ጀርመኖች የተረዱት ዘግይተው ነው። መጦሪያ የገባ ሰው ያጠራቀመውን ጨርሶ የማኅበራዊ እርዳታ ጠባቂ ይሆን ነበር። በ1995 ለእንክብካቤ ብቻ የሚውል አዲስ አስገዳጅ ኢንሹራንስ ተጀመረ። የሠራተኛ ሚኒስትሩ ኖርበርት ብሉም ነበሩ። አሠሪዎች ድርሻችንን የሚያካክስ ነገር አምጡልን አሉ። የተገኘው መላ አንድ በዓል መሰረዝ ነበር። በኅዳር ወር ረቡዕ ቀን የሚውለው የፕሮቴስታንቶች የንስሐና የጸሎት ቀን የሥራ ቀን ሆነ። የሳክሶኒ ግዛት ብቻ በዓሌን አልሰጥም አለች፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ እስከ ዛሬ ከሌላው የበለጠ ያዋጣል። እኛ ሀገር አንዱን በዓል ከካላንደር ፍቄ ለአረጋውያን ዳይፐር ልግዛበት የሚል ሚኒስትር ቢነሣ እስከ ማታ ወንበሩ ላይ መቆየቱን እጠራጠራለሁ።

የዚህ ኢንሹራንስ መዋጮ በ2025 ከደመወዝ 3.6 በመቶ ነው፣ ግማሹ ከእኔ። ከሕንድ ኬረላ የመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ግን ከእኔ በላይ ትከፍላለች፤ ልጅ የላትም። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2001 እንዲህ ብሎ ነበር፦ ልጅ ያሳደገ ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነገውን ከፋይ ጭምር አዋጥቷል፤ ስለዚህ ልጅ ከሌለው እኩል ሊከፍል አይገባም። ከ2005 ጀምሮ ልጅ የሌለው ይጨመርበታል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከሁለተኛ ልጅ ጀምሮ ይቀነሳል። እኔ አንዲት ልጅ ብቻ ስላለችኝ አይጨመርብኝም፣ አይቀነስልኝም። ፍርዱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ባልደረባዬ ግን ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፣ ሌሊት ፈረቃ እየገባች ባል የት ታግኝ?

ገንዘቡ እንዲሁ አይሰጥም። ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ ይመረምራል። ደረጃ ይወጣሉ? ቁልፍ ይቆልፋሉ? ዛሬ ምን ቀን ነው? ነጥቡ ተደምሮ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይወጣል። ብዙ እናቶች በዚያች ቀን ክፉኛ ይበረታሉ፤ እንግዳ መጣ ብለው ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ኬክ ጋግረው ይጠብቃሉ፣ ነጥቡም ይወድቃል። ልጅየዋ ከጀርባ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች።

ኢንሹራንሱ ደግሞ ሁሉን አይሸፍንም። መጦሪያ የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከኪሱ በወር ከ3000 ዩሮ በላይ ይጨምራል። ጡረታው ያን ያህል የሚሆን ጥቂት ነው። ቁጠባው ይሄዳል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ካለቀ መንግሥት ይገባል። ልጅስ? በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ልጅን የሚያስከፍለው የዓመት ገቢው ከ100,000 ዩሮ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ስነግራት እናቴ በብር ስንት እንደሚሆን አስላኝ አለች፤ አሰላሁላት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ያን ያህል ያለው ልጅ ሕግ ካላስገደደው አይጦርም ማለት ነው?» አለች። ከዚያ በታች ያለውን ሕጉ ነጻ ማውጣቱን፣ ለሴቶች ልጆች ደግሞ ትልቅ እፎይታ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋችው።

ጠዋት ከማስነሣቸው ከዘጠኙ አንዱ ሐጂ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ እኔ የወሎ ልጅ ስለሆንኩ መካ ደርሰው የተመለሱበትን ፎቶግራፍ ግድግዳቸው ላይ ሳይ አፌ ላይ የመጣው «ሐጂ» ነው፣ እሳቸውም ወደዱት። ከቱርክ የመጡት በ1969 ነው። ኢስታንቡል ላይ የጀርመን ሐኪም ጥርሳቸውንና ሽንታቸውን አይቶ አሳለፋቸው። ሩሰልስሃይም በሚገኘው የኦፔል ፋብሪካ በር ሲገጥሙ ኖሩ። ለሁለት ዓመት ነበር የመጡት፤ ቤት ሠርተው ሊመለሱ።

ጀርመን ያኔም ሰው አጥሯት ነበር። ከጣሊያን ጋር በ1955፣ ከስፔንና ከግሪክ ጋር በ1960፣ ከቱርክ ጋር በ1961 የሠራተኛ ስምምነት ፈረመች። «እንግዳ ሠራተኛ» አሏቸው፤ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። መስከረም 1964፣ ማለትም በዚያው ብዙ ሕፃናት በተወለዱበት ዓመት፣ አርማንዶ ሮድሪገስ ደ ሳ የሚባል ፖርቱጋላዊ አናጺ ኮሎኝ ዶይትዝ ጣቢያ ከባቡር ሲወርድ አንድ ሚሊዮንኛው እንግዳ ሠራተኛ ነህ ተባለና ሞተር ብስክሌት ተሸለመ። ፎቶግራፉ ዛሬም በየመጽሐፉ ይወጣል፤ ግራ የገባው ሰው፣ አበባ፣ ሞተር። ኋላ ታመመና ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ1979 በካንሰር ሞተ። ያን ዓመት የተወለዱትና በዚያ ባቡር የመጡት አንድ ላይ ሸምግለው አሁን አንድ ኮሪደር ላይ ይገናኛሉ ብሎ ማን አሰበ?

የነዳጅ ቀውሱ መጣና በ1973 ምልመላው ቆመ። ጀርመን ያኔ የተሳሳተችው ሰው በማስመጣቷ አይመስለኝም፤ የመጣው ይሄዳል ብላ በማሰቧ ነው። ይሄዳል የተባለን ሰው ቋንቋ ማን ያስተምረዋል? ሐጂ በፋብሪካ ጀርመንኛ ኖሩ፤ «ቶሎ»፣ «እሺ»፣ «የምሳ ሰዓት»። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል፤ ይህ በሽታ ደግሞ መጨረሻ የተማሩትን ነው አስቀድሞ የሚወስደው። ጀርመንኛው ሄዷል። ሌሊት ይጠሩኛል፦ «ኦሉም፣ ሱ!» ልጄ፣ ውሃ ማለት ነው። እኔም አሥራ አምስት የሚሆኑ የቱርክ ቃላት እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ተማርኩ። ወሎዬ በጀርመን ሀገር ለቱርክ ሽማግሌ በቱርክኛ ውሃ ሲያቀርብ፤ ሉላዊነት የሚሉት ነገር እኔ ጋ የሚደርሰው በዚህ መልክ ነው።

ከስህተቱ የተማሩት ነገር አለ። እኔ የመጣሁት በ2013 በትዳር ነው። ቋንቋ ቢ 2 ደረጃ እስክደርስ ተማርኩ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት የአረጋውያን እንክብካቤ ሙያ፤ ስማርም ወር ወር ይከፈለኝ ነበር። በ2020 ለባለሙያ በሩን የሚከፍት ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፣ በ2024 ደግሞ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ስምንት ዓመት ወደ አምስት ወረደ፣ የቀድሞውን ዜግነት መተውም ቀረ። እኛ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ሠራተኞች አለን፣ ከሰባት ሀገር። ጀርመናውያኑ ሁለት ናቸው። ያም ሆኖ ሰው ይጎድላል። አንዱ ሲታመም ዘጠኙ አሥራ ሦስት ይሆናሉ፤ ያን ቀን ማንንም አላጥብም፣ አብሳለሁ እንጂ።

ቤታቸው ለቀሩት ሽማግሎች ደግሞ ከፖላንድ፣ ከሩማንያ፣ ከቡልጋሪያ ሴቶች ይመጣሉ፤ እዚያው እያደሩ ያስታምማሉ። በ2021 የጀርመን ከፍተኛው የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት የአንዲት ቡልጋሪያዊት ጉዳይ ቀረበለት። ውሏ በሳምንት 30 ሰዓት ይላል፤ እሷ ግን በርሊን ውስጥ ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጊት ቤት ሌት ተቀን ነበረች። ፍርድ ቤቱ ይጠሩኝ ይሆናል ብሎ ጆሮ ከፍቶ መተኛትም ሥራ ነው፣ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ይከፈልበት አለ። ሕጉ ደስ ይላል። ግን ለሌት ተቀኑ ሙሉ ሒሳብ ይክፈል ቢባል የሚችል ቤተሰብ ስንት ነው? ይህን ጀርመኖች ጮክ ብለው አያወሩትም፣ ፖላንዶቹም አያወሩትም። ፖላንድ ውስጥ በእነሱ ቦታ የምትገባው ዩክሬናዊት ናት።

ሰንሰለቱ እኔ ቤትም ደርሷል። እናቴን የምትረዳት ከወረባቦ የመጣች ልጅ ነበረች፣ ጎበዝ፣ እንጀራዋ ዓይን ያለው። አንድ ቀን ራሷ ደውላ «ጋሼ፣ ወደ ጂዳ ልሄድ ነው» አለችኝ። እዚያ የምትሠራው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። አንዲት አሮጊት መጠበቅ ነው አለች። ምን እላታለሁ? እኔ ያደረግኩትን ነው ያደረገችው፤ እሷ ግን ቢ 2 የለ፣ የሙያ ወረቀት የለ፣ የሕመም ፈቃድ የለ። በቦታዋ የመጣችው እጥፍ ደመወዝ ጠየቀች፤ ከፈልኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ሠራተኛ ያጠረባቸውን ሀገሮች ዝርዝር ያወጣል። በ2023 55 ነበሩ፣ ኢትዮጵያ አለችበት። ከእነዚህ ሀገሮች የግል ድርጅት ነርስ እንዳይመለምል የጀርመን ሕግ ይከለክላል። አሳቡ ቅን ነው። ግን ደሴ ውስጥ በነርስነት ተመርቆ ሥራ ያጣ ዘመድ አለኝ፤ ሕዝቡ ነርስ አጥሮታል፣ በጀቱ ደግሞ ነርስ አይቀጥርም። እሱን እንዲህ ያለው ዝርዝር ከምን አዳነው? እኔን እንዳደረጉኝ ጀርመኖች በራሳቸው ወጪ ከሀ ቢያስተምሩት ግን የማንንም ሀገር ነርስ ሰረቁ አይባሉም። ይህን ስብሰባ ላይ ብናገር ወጪው ይነሣል፤ የቋንቋው ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። እኔ ግን እኒያን የእንግዳ ሠራተኞች ዓመታት አስባለሁ፤ በቋንቋው የቆጠቡትን አሁን በሐጂ ክፍል ውስጥ እየከፈሉት ነው።

ሰውን ለሌላ ማበደር የሚችል ሀገር ደግሞ ሁልጊዜ አበዳሪ ሆኖ አይቀጥልም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከ10,000 በላይ የደቡብ ኮሪያ ነርሶች ወደ ጀርመን መጥተው ነበር፤ ሂዱ ሲባሉ ፊርማ አሰባስበው ተከራክረው ብዙዎቹ ቀሩ። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ወሊዶች አንዱን ይዛለች፤ በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ 0.72 ልጅ። በ2024 ሴኡል 100 የፊሊፒንስ ሴቶችን ለቤት ሥራና ለልጅ ጥበቃ በሙከራ አስመጣች። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ዕቁብ ገና ልጅ ነው፣ ግማሹ ሕዝብ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ግን ዕቁቡ ውስጥ የገባው ስንቱ ነው? የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ የጡረታ አዋጅ ያገኘው በእኛ አቆጣጠር በ2003 ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፣ ፋይል አልነበረውም። ፋይሉ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።

አረጋውያን መጦሪያው ሲገቡ ቤተሰብ የሚሞላው ቅጽ አለ። ምን ተብለው መጠራት ይወዳሉ? በስንት ሰዓት ይነሣሉ? ምን ዘፈን ያስደስታቸዋል? የሐጂን የሞላው ልጃቸው ነው፤ ሥራ ላይ ስለነበር ይመስለኛል «ሻይ፣ ሁለት ስኳር» ብሎ ሌላውን ባዶ ተወው። ባለፈው ሰሞን አንድ ባዶ ቅጽ ይዤ ቤት ገባሁና ከልጄ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በጀርመንኛ ነው። አንድ ቀን ይህን ስለ እኔ የምትሞዪው አንቺ ነሽ፣ አሁን ጻፊ አልኳት።

መጀመሪያ የሚያስፈልጉ ቃላትን በላቲን ፊደል አስጻፍኳት። «ውሃ» ላይ ተጣላን፤ በጀርመን ፊደል ከጻፍሽው ነርሱ «ቩሃ» ብሎ ነው የሚያነበው፤ አስተካከለችው። «አመመኝ»፣ «በቃኝ»፣ «መስኮቱን ክፈቱልኝ» እያልን ሄድን። ስለ ዘፈን ስትጠይቀኝ ሦስት ነገር ተናግሬ ሁሉንም ሰረዝኩ። ከዚያ የጠዋት መጠጥ ላይ ደረስን። ቡና ብላ ጻፈችና ቀና ብላ «ስኳር ስንት?» አለችኝ።

«በጨው» አልኳት።

እናቴ ቤት ቡና በጨው እንደሚጠጣ ታውቃለች፤ ቀምሳም ፊቷን አጨፍግጋ ታውቃለች። ጻፈችው። ትንሽ አየችውና እስክሪብቶውን መልሳ አንሥታ ከጎኑ በጀርመንኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ስህተት አይደለም» ብላ ጨመረችበት።